ማታ የጻፍኩት ቃል

ልጄ ኢንሶክ ክፍሉን ዘግቶ ከተቀመጠ ወዲህ ብርዱ ሲገባ ያ ሦስተኛው ነበር። ርቆ አልሄደም። ከወጥ ቤቱ ማዶ፣ በእግር ቢገፉት ከሚነቀል ቀጭን በር ኋላ ነበር። እኔ ከተኛሁ በኋላ ሲወጣ፣ ውሃ ሲቀዳ፣ መታጠቢያ ቤት ገብቶ ሲመለስ ይሰማኛል። ጠዋት ስነሣ የበላበት ሳህን ታጥቦ በሩ ሥር ተቀምጦ አገኘዋለሁ። ሰው የጠላ ሰው ሳህን አያጥብም እያልኩ በዚያች ሳህን ራሴን አጽናና ነበር።

ዋና ከተማው ሶል ውስጥ የኮምፒውተር ፕሮግራም ይጽፍ ነበር። እዚያ ምን እንደገጠመው እስከ ዛሬ በቅጡ አላውቅም። አንድ ቀን በአውቶቡስ እኛ ዘንድ፣ ወደብ ከተማችን ሳምቾንፖ መጣ፤ ቦርሳውን ኮሪደሩ ላይ ጣለ፤ የሠራሁለትን ሁሉ በልቶ ተኛ። ድካም ነው ብዬ እንዳልቀሰቅሰው በእግሬ ጣት እየተራመድኩ ሰነበትኩ። ድካሙ ሳይወጣለት ወር ሆነ፤ ከዚያ ዓመት ሆነ።

መጀመሪያ ላይ በሩ ላይ ቆሜ አወራው ነበር። ፀሐይ መውጣቱን፣ የጎረቤት ልጅ ማግባቷን፣ የዘንድሮ ዓሣ ደቃቅ መሆኑን፣ ያገኘሁትን ሁሉ ለበሩ እነግረዋለሁ። አንዳንዴ እህ ይለኛል። አንድ ቀን ግን የባለቤቴ ታላቅ እህት፣ እትዬ ኦክቡን፣ ከጂንጁ መጡና በሩን በጡጫ ደበደቡት። አባትህ ባሕር ላይ እየሠራ ነው የሞተው፣ አንተ ግን ተኝተህ ልትሞት ነው አሉት። ከዚያ በኋላ ያስቀመጥኩት ምግብ ሳይነካ ውሎ ያድር ጀመር። ሩዙ እየደረቀ፣ ሾርባው እየረጋ፣ አንስቼ እደፋለሁ፤ ሌላ ሠርቼ አስቀምጣለሁ። ያኔ አፌን ቆለፍኩ። ይብላልኝ እንጂ ዝም እላለሁ ብዬ ለራሴ ማልኩ።

መብላት የጀመረ ሰሞን በአንዱ ጠዋት ከሩዝ ማብሰያው አጠገብ አንዲት ትንሽ ስክሪን ከነኪቦርዷ ተቀምጣ አገኘሁ። ከክፍሉ ያወጣት አሮጌ ዕቃ ነበረች። ሶኬቷን ስሰካ በራችና ጽሑፍ አወጣች። እኔ ደግሞ ማንበብ አልችልም ነበር።

ኢንሶክ ይህን አያውቅም። ተማሪ ሳለ ከትምህርት ቤት ወረቀት ሲያመጣ፣ ዓይኔን አሞኛል፣ አንተው አንብብልኝ እለው ነበር። ጮክ ብሎ ማንበብ ስለሚወድ ለምን ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም። በእኛ ቤት የተማሩት ወንድሞቼ ናቸው። እኔን የላኩኝ ወደ ዓሣ ማድረቂያው ነው፤ አሁንም እዚያው ነኝ፤ የደረቀውን ትንሽ ዓሣ በየመጠኑ እለያለሁ።

ስለዚህ አብራኝ የምትሠራውን የዶክሱን እናት ለምኜ ቤት ድረስ አመጣኋት። ስክሪኗ ላይ ሁለት መስመር ነበር። ጣቷን እያስኬደች አነበበችልኝ።

እራት=በር ላይ
ድምፅ=አይሆንም

"ይኼ ልጅ አሁንም ወታደር ቤት ያለ መስሎታል እንዴ?" ብላ ልትስቅ ጀመረችና ፊቴን አይታ ተወችው። ምግቡን በሩ ላይ አድርጊው፣ አታናግሪኝ ማለቱ ነው አለችኝ። ሻይ ላፍላልሽ ብላት እንቢ ብላ በጊዜ ሄደች። እኔም የልጄን ቃል ሁለተኛ ሰው እንዲያነብልኝ አልፈልግም አልኩ።

የሰፈራችን አዳራሽ ውስጥ እንደ እኔ ላሉ ሴቶች ፊደል የሚያስተምሩበት ክፍል አለ። ከሥራ ስወጣ እጄ ዓሣ ዓሣ እየሸተተ እሄድ ነበር። መምህርቷ ሃሪም የምትባል ወጣት ነች፤ ሁላችንንም እናቴ እያለች ነው የምትጠራን፤ ስም ስትጠራ ግን ሙሉ ስማችንን ነው የምትለው። ፓክ ማልሱን ብላ የኔን ስም ስትጠራ መጀመሪያ ላይ ዘወር ብዬ ሌላ ሰው ፈለግሁ። ባሌ ከሞተ ወዲህ ሰው ሁሉ የኢንሶክ እናት ነው የሚለኝ። ፊደሉ አልገባ እያለኝ ብዙ ተሠቃየሁ። ማታ ያወቅሁትን ጠዋት ዓሣ ስለይ እረሳዋለሁ። ቢሆንም አንድ ማለዳ ስክሪኗን ስሰካ መስመሩ እንዳለ ገባኝ፤ እራት፣ በር ላይ። ቃሉ ጥሩ ሆኖ አይደለም፤ እንባዬ ግን መጣ።

አልፎ አልፎ አዲስ መስመር ይጨመር ነበር። ልብስ=ነገ ካለ፣ የሚታጠብ ልብስ በነጋታው በሩ ላይ ይቀመጣል ማለት ነው። አንዴ ሳል ይዞት ሲያስል ሰምቼ ስጨነቅ፣ ሳል=ተሽሎኛል የሚል አገኘሁ። ጊዜያቸው ሲያልፍ እነዚህ መስመሮች ይነሣሉ። ስለዚህ ከክፍሉ ሆኖ ያችን ስክሪን እንደሚነካት፣ ጠዋት የማየውን የሚወስነው እሱ እንደሆነ አውቅ ነበር።

ማንበብ ከቻልኩ በኋላ ግን መስማት ብቻ አልበቃኝም። እኔም የምለው ነበረኝ። መስመሩን በእጄ መዳፍ ላይ ገልብጬ ለመምህርቷ አሳየኋትና ይኼን ከኔ በኩል መቀየር ይቻላል ወይ አልኳት። የአካባቢ ተለዋዋጮች የሚባሉት ሳይሆኑ አይቀሩም አለችኝ። ፕሮግራም ሲነሣ በዙሪያው ያለው ነገር እንዴት እንደሆነ የሚያውቀው በእነሱ ነው፤ በግራ በኩል ስሙ አለ፣ በቀኝ በኩል ዋጋው፤ ስሙ እንዳለ ሆኖ ዋጋው ይቀየራል። ሥራዋ ማስተማር ስለሆነ ጠልቃ እንደማታውቀው ነገረችኝ። ግን ከታች ብልጭ ድርግም የሚል መስመር ካለ፣ እዚያ ላይ ስሙን፣ የእኩል ምልክቱን፣ አዲሱን ዋጋ ጽፈሽ ማስገቢያውን ተጫኚ አለችኝ። የእኩል ምልክቱን ኪቦርድ ላይ እንዳገኘው ሁለት የተጋደሙ ሰረዞች በመዳፌ ላይ ሳለችልኝ።

ማታ ምግቡን በሩ ላይ አስቀምጬ ወጥ ቤት ቁጭ አልኩ። ፊደሎቹን አንድ በአንድ እየፈለግሁ ጻፍኩ።

እራት=አብረን

ማስገቢያውን ስጫን ከላይ ያለው መስመር ተቀየረ። በር ላይ የሚለው ጠፍቶ አብረን የሚለው ተተካ። እንደ ሰረቀ ሰው ቆም ብዬ አየሁት፤ ከዚያ እንደ ሁልጊዜው ሶኬቱን ነቀልኩ። ቤታችን ውስጥ ከማቀዝቀዣው በቀር ተሰክቶ የሚያድር ነገር የለም። ባሌ በሕይወት ሳለ ከወደቡ አጠገብ አንድ ቤት በሶኬት ተቃጥሎ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ሳይነቅል አይተኛም ነበር፤ እሱ ሲሞት እኔ ወረስኩት።

በነጋታው ስሰካው እራት=በር ላይ ይላል።

ሌሊት ወጥቶ አይቶት አጠፋው አልኩ። ሌሊት ውሃ ሲቀዳ፣ ወለሉ ላይ ሲራመድ ሰምቼ ነበርና ሌላ ነገር አልጠረጠርኩም። በር አላላተመም፣ ሳህኑንም አጥቦ አስቀምጧል፤ ዝም ብሎ ቃሌን አጥፍቶ የራሱን መልሷል። በትሕትና ነው እንቢ ያለኝ ብዬ ተቀበልኩት።

ግን እናት ነኝና አላረፍኩም። አብረን ማለቱ ከብዶት ይሆናል ብዬ ቃሉን አለሳለስኩ። በር=ገርበብ ብዬ ጻፍኩ፤ ጠዋት የለም። ድምፅ=በሹክሹክታ ብዬ ጻፍኩ፤ ጠዋት ድምፅ=አይሆንም ይላል። አንድ ቀን ልደቱ ነበር፤ ለልደት የሚጠጣውን የባሕር ሣር ሾርባ ሠርቼ እራት=ዛሬ ብቻ አልኩ። ሾርባውን ጠጥቶ ሳህኑን አጠበው፤ ቃሌን ግን ጠዋት አላገኘሁትም። ቅር ብሎኝም ማታ ደግሞ እጽፋለሁ። ብርዱ ሊያልቅ እስኪቃረብ እንዲህ ቆየሁ። ቀኑን ሙሉ ዓሣ እየለየሁ የማስበው ማታ ምን ቃል እንደምጽፍ ነበር፤ ያለኝ ጨዋታ እሱ ብቻ ነበርና።

የዶክሱ እናት ሁልጊዜ ጠዋት ትጠይቀኛለች።

"ትናንትስ ምን መለሰልሽ?"

"አጠፋው።"

"ታዲያ ምን አለበት? የጠፋው ተነቦ ነው። የኔው ጉድ ዶክሱ የላክሁለትን መልእክት ከፍቶም አያየውም።"

ይህን ስትል እጽናና ነበር። ይነበባል እኮ እያልኩ።

ከዚያ እትዬ ኦክቡን ስልክ ደወሉ። ተራራ ላይ እንደ ኢንሶክ ክፍል የዘጉ ልጆችን የሚያስቀምጡበት ቤት አግኝተዋል። ጠንካራ ሰዎች አሏቸው፤ መኪና ይዘው መጥተው፣ በሩን ከፍተው፣ ልጁን አንስተው ይወስዱታል፤ እዚያ እንጨት እየፈለጠ፣ በጠዋት እየሮጠ፣ ሰው ሆኖ ይመለሳል። የአንዲት ወዳጃቸው ወንድ ልጅ እንደዚያ ሆኖ አሁን ሱቅ ውስጥ እየሠራ ነው። የሚፈለገው የኔ እሺታ ብቻ ነው፤ ሰዎቹ ቅዳሜ ይደርሳሉ። እኔ ተንተባተብኩ። ሲያነሡት ቢታገልስ አልኩ። ታግሎ ታግሎ ይደክመዋል አሉኝ። ቢጠላኝስ አልኩ።

"አሁን ይወድሻል?" አሉኝ።

እስከ ዓርብ ላስብበት ብዬ ዘጋሁ።

እንግዲህ ያን ሰሞን ሰዎች ልጄን እንደ ዓሣ ጆንያ ተሸክመው ሲያወጡት ይታየኛል። ደግሞ እኔ አርጅቼ፣ እዚያ በር ሥር ምግብ የሚያስቀምጥ ጠፍቶ ይታየኛል። ሁለቱም ያስጨንቃል። በመጨረሻ ለራሴ አንድ ነገር ወሰንኩ። ሐሙስ ማታ የመጨረሻ ቃሌን እጽፋለሁ፤ ምንም አልጠይቀውም፤ እራትም በርም አልልም። ከተወልኝ፣ እትዬን አይሆንም እላቸዋለሁ። ካጠፋው፣ ይምጡ እላለሁ።

የሱን መስመር አልነካሁም። ከሥሩ አዲስ ስም ጨመርኩ።

እናት=ፈርቻለሁ

ስክሪኗ ተቀበለችኝ፤ ሦስተኛ መስመር ሆኖ ወጣ። ነቅዬ ተኛሁ።

ዓርብ ጠዋት ስሰካ ሁለቱ የሱ መስመሮች ብቻ ናቸው ያሉት። ፈርቻለሁ የሚለው ብቻ አይደለም፣ እናት የሚለው ስም ራሱ የለም። ከዚህ በፊት ሲያጠፋ ቃሌን ነበር፤ አሁን እኔኑ አጠፋኝ አልኩ። ኮቴን ለብሼ ሥራ ሄድኩ፤ ቀኑን ሙሉ ትልቁን ዓሣ ከትንሹ እየደባለቅሁ ስሰደብ ዋልኩ። የዶክሱ እናት እንኳ ያን ቀን አልጠየቀችኝም፤ ፊቴ ላይ አይታዋለች መሰለኝ። ቤት ስገባ ጫማዬን ሳላወልቅ ለእትዬ ደወልኩና እሺ አልኳቸው። ነገ ከእኩለ ቀን በፊት ይደርሳሉ፣ አንቺ ወጣ ብለሽ ቆይ፣ ባታዪው ይሻላል አሉኝ።

እራቱን ሠራሁ። ሩዝ፣ የተጠበሰ የአኩሪ አተር ቶፉ፣ የቆየ የጎመን ኪምቺ። ይዤ በሩ ጋ ደረስኩ፤ ሳላስቀምጠው ቆምኩ። ነገ በዚህ ሰዓት ይህ ክፍል ባዶ ነው። እና ሳላስበው፣ ያን ሁሉ ጊዜ የጠበቅሁትን ትእዛዝ ጥሼ ተናገርኩ።

"ቃሌን ለምን ታጠፋብኛለህ?"

ከጀመርኩ አይቀር ብዬ ቀጠልኩ።

"አብሬህ እራት ልብላ ስልህ አትፈልግ ይሆናል፣ እሺ። በሩን ገርበብ አድርገው ስልህም እሺ። ፈርቻለሁ ማለቴ ምን አደረገህ? እሱን እንኳ አንድ ሌሊት ብታሳድርልኝ ምን ነበረበት?"

አልጋው ሲንቋቋ ሰማሁ። ከዚያ እግሩ ወለሉ ላይ። በሩ ጋ ሲደርስ ቆመ። ድምፁ ሲመጣ የሱ አልመሰለኝም፤ ብዙ ጊዜ ሳይከፈት የቆየ መሳቢያ ሲከፈት የሚያሰማው ዓይነት ነበር።

"ምን ቃል?"

"ስክሪኗ ላይ የምጽፈው።"

"አንቺ… ትጽፊበታለሽ?"

ማታ ማታ አልኩት። ጠዋት እንደማላገኘው ነገርኩት። ከነቀልሽው በኋላ ነው ወይ የሚጠፋው አለኝ። አዎ አልኩት። ከበሩ ኋላ ወለሉ ላይ ቁጭ ሲል ተሰማኝ። እኔም ምግቡን አስቀምጬ በኔ በኩል ተቀመጥኩ።

"እማ፣ እኔ አልነካሁትም።"

ቀስ እያለ አስረዳኝ። ፕሮግራሙ ሲነሣ የሱን ቃላት ከማስነሻ ፋይሉ ይገለብጣል፤ ሥራውን የሚሠራው በግልባጩ ነው። እኔ ፕሮግራሙ ውስጥ ሆኜ የምቀይረው ያንን ግልባጭ ነው። ሶኬቱን ስነቅል ፕሮግራሙ ይሞታል፤ ግልባጩም አብሮት ይጠፋል። ጠዋት ሲነሣ እንደ አዲስ ከፋይሉ ይገለብጣል፤ ፋይሉ ላይ ያለው ደግሞ እሱ የጻፈው ብቻ ነው።

"ታዲያ አንተ ጋ አይታይም?"

"አይታይም። ያ ፕሮግራም ብቻ ነው የሚያውቀው። እሱም እስኪዘጋ።"

"አንድም አላየህም?"

"አንድም።"

ግድግዳውን ተደገፍኩ። ያ ሁሉ ማታ፣ ያ ሁሉ የተለሳለሰ ቃል፣ ማንም አላጠፋውም፤ ማንም አላነበበውም። ከሁለቱ የቱ እንደሚብስ ማወቅ አቃተኝ። እንቢ ብሎኝ ነበር ብዬ የተቀበልኩት ልጅ ጭራሽ አልተጠየቀም።

ከዚህ ሆኜ አስተካክልልሻለሁ አለኝ። እኔ ግን አልፈለግሁም፤ ፋይሉ የት እንዳለ ንገረኝና እኔው ልጻፈው አልኩት። እሺ አለ። አንዷን ነገር ይነግረኛል፣ ወጥ ቤት ሄጄ እሠራለሁ፣ ተመልሼ የወጣውን እነግረዋለሁ። አሁን ምን ይላል ሲለኝ፣ ከስክሪኗ ላይ ያየሁትን በልቤ ይዤ እመጣና ፊደል በፊደል እየቆጠርኩ እነግረዋለሁ። አንዱን ረስቼ እመለሳለሁ። ሦስተኛ ስመላለስ ጠየቀኝ።

"አሁንም ዓይንሽን ያምሻል?"

"ዓይኔስ ደህና ነው። ማንበብ ገና እየተማርኩ ነው።"

"ያኔም? ትምህርት ቤት ሳለሁ?"

"ያኔም።"

ሌላ አልጠየቀኝም። ከዚያ በኋላ ግን ሲነግረኝ አንዱን ፊደል ከአንዱ ለይቶ፣ እስክደግምለት እየጠበቀ ነበር። ፋይሉን ከፈትኩ፤ ከሱ ሁለት መስመር ሥር እናት=ፈርቻለሁ ብዬ ጻፍኩ፤ እሱ እንዳለኝ አድርጌ አስቀመጥኩ። አሁን ብትነቅይውም አይጠፋም አለኝ።

ተመልሼ በሩ ጋ ስቀመጥ የቀረውን መናገር ነበረብኝ። ባልነግረው ይሻል ይሆን ብዬ አስቤ ነበር። ግን እውነት ሊያወራኝ የጀመረውን ልጅ በማግስቱ ሰው ደርሶ ቢያነሣው ዳግመኛ አያምነኝም።

"ኢንሶክ፣ ነገ ሰዎች ይመጣሉ። አክስትህ ናቸው ያገኟቸው። ወደ ተራራ ሊወስዱህ።"

"እሺ አልሽ?"

"እሺ አልኩ። ዛሬ። ቃሌን ያጠፋኸው መስሎኝ።"

ሲነሣ ተሰማኝ። ወደ አልጋው ሲመለስ ተሰማኝ። ከበሩ ሥር ይታይ የነበረው ብርሃን ጠፋ።

ለእትዬ ኦክቡን ደወልኩ። ሰዎቹ አይምጡ፣ ሐሳቤን ቀይሬያለሁ አልኳቸው። በጣም ተቆጡ። ለሰዎቹ ከባድ ቃል ሰጥቻለሁ፣ ገና ሳይነጋ ነው የሚነሡት፣ አሁን የት ብዬ አገኛቸዋለሁ አሉ። ምን ሆንሽ አሉኝ። አነጋገረኝ አልኳቸው። ምን አለሽ ሲሉኝ ስለ ግልባጭና ስለ ፋይል መናገር አልቻልኩም፤ ስለ ኮምፒውተር አልኳቸው። ሳቁ፤ ሳቃቸው ግን ደስ አይልም ነበር።

"አንቺ ልጅ አይደለም የያዝሽው፣ በር ነው የምትጠብቂው። ነገ አንቺ ስትሞቺ ማነው ሩዝ የሚያስቀምጥለት?"

እኔም ይህንኑ ነው ሁልጊዜ የምፈራው።

"አላውቅም፣ እትዬ። ግን አይምጡ።"

እደውልላቸዋለሁ፣ ካገኘኋቸው አሉና ዘጉት።

ጠዋት ስነሣ ምግቡ ሳይነካ በሩ ላይ ነበር። ቶፉው ደርቋል። ውሃም አልተቀዳም፣ የመታጠቢያ ቤቱ ነጠላ ጫማም ባለበት ነው። ሶኬቱን ሰካሁ። ስክሪኗ በራች፤ ሦስቱም መስመሮች አሉ፤ የሱ ሁለት፣ የኔ አንድ። ያልኩት አድሯል። ሌላ ግን ምንም አልተጨመረም። ቆሜ ደጋግሜ አነበብኳቸው። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ግን ያ ያልተነካ ምግብ ነበር ዓይኔ ላይ።

ሥራ አልሄድኩም። ኮቴን ደርቤ፣ ሻርፔን አስሬ፣ ባለጎማውን የዓሣ ማድረቂያ ጓንቴን አጥልቄ የግቢውን በር ከውስጥ ቀረቀርኩና አጠገቡ ባለችው ዝቅተኛ ግንብ ላይ ተቀመጥኩ። እትዬ ሰዎቹን አግኝተዋቸው ከሆነ አይመጡም። አላገኟቸው ከሆነ እኔን አንስተው ነው የሚገቡት። ምን እንደምላቸው በልቤ አጠና ነበር፤ እንዳጠናሁት መናገር መቻሌን ግን እጠራጠር ነበር፤ ጠንካራ ሰው ፊት ሁልጊዜ ቃሌ ይጠፋብኛል። ከወደቡ የሚመጣው ነፋስ አጥንት ይሰብራል። ደረቅ ዓሣ የጫነች መኪና አለፈች፤ አንድ ሽማግሌ ውሻ እየጎተተ አለፈ።

የዶክሱ እናት ከቅጥሩ በላይ አንገቷን አውጥታ አየችኝ።

"ምነው፣ ሥራ ቀረሽ እንዴ? ሙሽራ የምትጠብቂ ነው የምትመስይው።"

"ሰው እየጠበቅሁ ነው።"

"ይመጣል?"

"እንዳይመጣ ነው የምጠብቀው።"

ሌላ ጊዜ ቢሆን አትለቀኝም ነበር። ያን ቀን ግን ከፌስታሏ ትኩስ የተጠበሰ ስኳር ድንች አውጥታ በግንቡ ላይ አስቀመጠችልኝና አሠሪው ሲጠይቅ አሟታል እለዋለሁ ብላ ሄደች። ድንቹን እጄ ውስጥ ይዤ ሞቅሁት፤ መብላት ግን አልቻልኩም፤ እሱ ሳይበላ።

ፀሐዩ ከፍ ሲል ጀርባዬ በኩል የሆነ ነገር ተንቋቋ። የኢንሶክ ክፍል መስኮት ወደ ግቢው በር ነው የሚያየው። ክፍሉን ከዘጋ ወዲህ መጋረጃው አልተነካም፤ መስኮቱም ከውጭ አቧራ ጠጥቶ ነበር። ዞር ለማለት ፈለግሁና ራሴን ያዝኩ። ዞር ካልኩ ይዘጋዋል ብዬ።

"እማ።"

"አቤት።"

"መጡ?"

"አልመጡም።"

ነፋሱ መጋረጃውን ሲያንቀሳቅሰው ይሰማኛል።

"ብርድ ነው፣ ቤት ግቢ።"

"ትንሽ ልቆይ፣ እኩለ ቀን እስኪያልፍ። አንተ ብላ፤ ቶፉው ደርቋል፣ እንቁላል አለ፣ አንተው ጥበሰው።"

መስኮቱ ሲዘጋ አልሰማሁም። ከወደቡ በኩል አንድ ትልቅ መኪና ወደ እኛ መንገድ ታጠፈ፤ ብድግ ብዬ የግቢውን በር በሁለት እጄ ደግፌ ቆምኩ። ሲቀርብ በረዶ የጫነ የዓሣ ገበያ መኪና ነበር። አልፎን ሄደ። እኔም መልሼ ተቀመጥኩ።